አንድ ወንበር ምን ይሠራል? ስለ ግርማ ሰይፉ የምክር ቤት ዘመን ክርክር

የአራት ኪሎ ተመልካች፦
ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው። አቶ ግርማ ሰይፉ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ነበሩ። ከ547ቱ ወንበር 499ኙን ኢሕአዴግ፣ 46ቱን አጋር ድርጅቶች ያዙ፤ የቀሩት ሁለቱ የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው የመድረኩ ግርማና በግል የተወዳደሩት ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው። መግባታቸው ጠቀመ ወይስ ምክር ቤቱን የብዙ ፓርቲ ቤት አስመሰለው?

እኔ ጠቅሟል ባይ ነኝ። አንድ ሕግ «በሙሉ ድምፅ» ጸደቀ መባሉና «በአንድ ተቃውሞ» ጸደቀ መባሉ አንድ አይደለም። ተቃውሞው ከነምክንያቱ በቃለ ጉባዔ ይሰፍራል፣ በማግስቱም ጋዜጣ ላይ ይወጣል። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ሲወስዱ ያቺ አንዲት ድምፅም ጠፋች።

ሕገ መንግሥት አንባቢ፦
ወንድሜ፣ መመዝገብና መሥራት ይለያያሉ። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18ን እንይ፦ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ እንዲወያይ ማስገደድ የሚቻለው ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቅ ነው። የ547 አንድ ሦስተኛ 183 ነው። በ1997 ተቃዋሚው ከመቼውም በላይ ብዙ ወንበር ሲያገኝ እንኳ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11፣ በድምሩ 172 ነበር። ቅንጅት በሙሉ ገብቶ ሦስቱ አንድ ልብ ቢሆኑ እንኳ 11 ሰው ይጎድላቸዋል። በዚያ ላይ ተሰናባቹ ምክር ቤት አጀንዳ ለማስያዝ የሚያስፈልገውን ድጋፍ ከግማሽ በላይ አድርጎ ነው የተሰናበተው። ታዲያ አንድ ሰው በየትኛው በር ገብቶ ነው የሚሠራው?

የሐሳቡም ነገር እንዲሁ ነው። በመድረክ ውስጥ የነበረው ፓርቲያቸው አንድነት የመሬት የግል ባለቤትነትን ይደግፍ ነበር። መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደረገው አንቀጽ 40 ግን በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስለሆነ፣ እሱን ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ማጽደቅ አለባቸው። የከተማ መሬት የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ የወጣው እኮ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው ሳለ ነው።

ኦዲተሯ፦
ሁለታችሁም የምታዩት ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን ብቻ ነው። ሥራው ከዚያ በፊት ያልቃል። ረቂቅ አዋጅ ከማብራሪያው ጋር ይቀርብና ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው አስረጂዎችን ጠርቶ ይጠይቃል፣ ባለድርሻዎችን ያወያያል፣ ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ቃላት የሚቀየሩት በኮሚቴው ክፍል ነው። ለሁለተኛ ንባብ ጠቅላላ ጉባዔ ሲደርስ የገዢው ፓርቲ አባላት አቋማቸውን ጨርሰው ስለሚመጡ የተሻለውም ንግግር አንድ ኮማ አያስቀይርም። ስለዚህ ብቻውን የሚገባ ተመራጭ ረቂቁ በተመራበት ሳምንት የማሻሻያ ሐሳቡን በአንቀጽ በአንቀጽ ጽፎ ለኮሚቴው ማስገባት አለበት። «ይህ አዋጅ አፋኝ ነው» ማለት አይበቃም፤ «አንቀጽ ይህን ሠርዛችሁ በዚህ ተኩት» ብሎ ምትኩን ማቅረብ ነው።

ሁለተኛው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀን ነው። አባላት ጥያቄያቸውን በተከታታይ ያቀርባሉ፣ መልሱ በአንድ ላይ ይሰጣል፣ ተከታይ ጥያቄ የለም። ተቃዋሚዎች ያላቸውን ጥቂት ደቂቃ በአምስት ጉዳይ ይበትኑታል። ያኔ መላሹ የሚቀለውን መርጦ ይመልስና ከባዱን ያልፈዋል። አንድ ጥያቄ፣ አንድ አኃዝ፣ አንድ የሰነድ ገጽ ቢሆን ግን መታለፉ ራሱ ለሁሉም ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው የዋናው ኦዲተር ሪፖርት ነው። «ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ»፣ «ያልተሰበሰበ ተሰብሳቢ ሂሳብ»፣ «ከመመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዥ» እያለ መሥሪያ ቤቱን በስሙ ይጠራል። ይህን ለማግኘት 183 ፊርማ አያስፈልግም። የ2007 በጀት 178.6 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የሦስት ዓመት ግኝት ከበጀት ጥያቄው ጎን ቢቀመጥ ከማንኛውም የርዕዮተ ዓለም ንግግር ይበልጥ ያስጨንቃል።

ሕገ መንግሥት አንባቢ፦
እህቴ፣ መንገዱ ጥሩ ነው። ግን የሄደበት ሰው ምን ገጠመው? በ6ኛው ምክር ቤት አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር ይዘው ገቡ። የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ሰብሳቢነት ያዙ። አንቺ ያልሽው ወንበር ማለት ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን ታሰሩ፤ ያለመከሰስ መብታቸው በምክር ቤቱ የተነሳው ከወራት በኋላ ነው። አንቀጽ 54(6) ግን እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አባል አይያዝም ይላል። ከለላው ካልሠራ የኮሚቴ ጥበብ የት ያደርሳል?

የአራት ኪሎ ተመልካች፦
ይህ የከለላው ጉድለት ነው፤ መግባት አይጠቅምም የሚለውን አያሳይም። ቁጥርም ቢሆን ብቻውን አያድንም። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 በ327 ድጋፍና በ79 ተቃውሞ፣ የፀረ ሽብር አዋጁ 652/2001 በ286 ድጋፍና በ91 ተቃውሞ ጸድቀዋል። 91 ሰው ተቃውሞም አላስቆመም። ነገር ግን በመብት ሥራ የተሰማራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ገደብና የሽብር ትርጓሜው ልቅነት ያኔውኑ ክርክር አስነስተው ነበር። ሁለቱን በተኩት አዋጆች፣ በ1113/2011 እና በ1176/2012፣ የተነኩትም እነዚሁ ናቸው።

ሕገ መንግሥት አንባቢ፦
የተነኩት መንግሥት ስለተለወጠ ነው።

ኦዲተሯ፦
በሩን የከፈተው ለውጡ ነው፤ የሚታረመው አንቀጽ የትኛው እንደሆነ ግን ቀድሞ ተነጥሎ ይታወቅ ነበር። በሩ ሲከፈት ዝርዝሩ ዝግጁ ካልሆነ ዕድሉ ያልፋል።

የአራት ኪሎ ተመልካች፦
አቶ ግርማ በ2014 የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽንን ለመምራት መሾማቸውን የሚያነሱ አሉ። ያ ስለ ፓርቲዎች አብሮ መሥራት የሚደረግ ሌላ ክርክር ነው፤ የምክር ቤት ዘመናቸውን በእሱ መመዘን ተገቢ አይመስለኝም።

ሕገ መንግሥት አንባቢ፦
በዚህ እስማማለሁ። የማልለቀው አንድ ነገር ነው። የ55(18)ን አንድ ሦስተኛ ለመቀነስ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ያስፈልጋል። የአጀንዳው ጉዳይ ግን በአንቀጽ 59(2) መሠረት ምክር ቤቱ ራሱ በሚያወጣው የአሠራር ደንብ የሚወሰን ነው። በ1997 በአንድ ስብሰባ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ከተቻለ፣ ጥቂት አባላት በወር አንድ አጀንዳ እንዲያስይዙ መፍቀድም በአንድ ስብሰባ ይቻላል። ዛሬ ወንበር ያላቸው ተቃዋሚዎች በመጀመሪያ ይህን ማሻሻያ ጽፈው ያቅርቡ፤ ውድቅ ከሆነም ማን እንደጣለው በቃለ ጉባዔው ይታይ።