የጀልባዬ የኋላ ወንበር ሞተሩን ከውሃ ወደ ላይ አላስነሳ አለኝ፤ ነገ ጠዋት ሰው አለብኝ!

የሐይቁ_ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ሐዋሳ ነኝ፣ ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ። አናጢ ጀልባዬ ላይ የኋላ ወንበር ሠራልኝ። ከዳር እስከ ዳር ነው፣ መደገፊያም አለው፣ ሲያዩት ያምራል። ዛሬ ውሃ ላይ አወረድኩትና ሞተሩን ላነሳ ስል ክዳኑ መደገፊያውን ገጨው። ከግማሽ በላይ አይነሳም። መሪውም ወደ ግራ ሲዞር ወንበሩን ይነካል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጡ 6 ሰዎች ቀጥሬያለሁ። ምን ላድርግ? ቶሎ በሉ!

አምባዛ፦ ሞተሩ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው? ጀልባው ፋይበር ነው ብረት? ፎቶስ?

ሳቂታው፦ አናጢህ የሶፋ ባለሙያ ነው መሰለኝ። ሳሎን ሠርቶልሃል። ረከቦቱን ጨምርበት።

መጋዝ_ያዥ፦ መሃሉን ቁረጠው። አለቀ።

የሐይቁ_ልጅ፦ 15 ፈረስ፣ ቱ ስትሮክ፣ መሪው በእጅ የሚያዝ። ጀልባው ፋይበር፣ 5 ሜትር ከምናምን። ስልኬ ባትሪ የለውም፣ ፎቶ ይቅር። መቁረጥ ግን ልቤ አልቻለም፣ ስንት ብር አውጥቼበት!

ጡረተኛው_መካኒክ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን እወቀው። የጀልባ ሞተር እንደ ባልዲ ቀጥ ብሎ አይነሳም። ማጠፊያው ላይ ይዞራል። ፕሮፔለሩ ከውሃ ሲወጣ ጭንቅላቱ ወደ ጀልባው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከሞተሩ ፊት ያለው ቦታ የሰው አይደለም፣ የሞተሩ ነው። ሌላም ልጨምርልህ። ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል። ያንተ 15 ፈረስ እዚህ 12 ተኩል ቢሆን ነው። እኛ ድሮ ስንነዳ ይህን ሁሉ አስልተን ነበር የምንጭነው።

የሐይቁ_ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ወንበሩስ?

ቆሮሶ፦ ለምን ታነሳዋለህ ቆይ? ሳታነሳ ንዳው።

አምባዛ፦ ቆሮሶ፣ ጀልባ ነድተህ ታውቃለህ? ዳር ላይ ውሃው ጉልበት አይደርስም፣ ቄጠማው አለ። መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ቢጠመጠምስ? ውሃ ውስጥ ገብቶ ይፍታ? ጉማሬ ባለበት?

ሳቂታው፦ ጉማሬው ወንበሩን ካየ ራሱ ይሳፈራል።

ቀጥተኛዋ፦ ወንድሜ፣ እኔ ጥያቄህን ራሱ አልወደድኩትም። ሰው ለምን ኋላ ይቀመጣል? ሞተሩ ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። 25 ሊትር ቤንዚን ሲሞላ ከነታንኩ 20 ኪሎ ገደማ ነው። አንተም ኋላ ነህ። እዚያ ላይ ሁለት ሰው ስትጨምር አፍንጫው ሰማይ ያያል። ፍጥነት በድንገት ስትቀንስ ደግሞ የራስህ ማዕበል ተከትሎህ በኋላ በኩል ይገባል። ሰዎቹን መሃል አስቀምጣቸው።

የሐይቁ_ልጅ፦ እህቴ፣ እንግዳ ኋላ ይወዳል። ፎቶው እዚያ ነው የሚያምረው።

ቀጥተኛዋ፦ እርጥብ ፎቶ!

መጋዝ_ያዥ፦ መሃሉን ቁረጠው አልኩህ።

የዓሣ_ጀልባ፦ አሁን ነው ያየሁት፣ እኔም የደረሰብኝ ነገር ነው። ዛሬ ማታ መደገፊያውን ብቻ ፍታ። መፍቻ ይበቃል። ከዚያ ሞተሩን እስከ መጨረሻው አንሳው፣ አውርደህ ደግሞ ግራ ቀኝ እስከ ጥግ አዙረው፣ እጀታውንም ጭምር። የደረሰበትን ሁሉ ካርቶን ላይ አስምር። በዙሪያው አራት ጣት ጨምር፣ ሞተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። ካርቶኑን ወንበሩ ላይ አድርገህ ያንኑ ቁረጥ። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ወንበር ይቀርሃል። መሃሉ ሲቆረጥ ግን ድጋፉ ይሄዳል። የቀረው ጫፍ በአየር ላይ ነው፤ ከሥሩ እግር ሳታቆም ሰው አታስቀምጥ።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ እነዚህ ከወንበሩ ይብሳሉ። አናጢው የቤንዚን ታንኩን በወንበሩ ሥር አሽጎታል ወይ? የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ በታሸገው ወንበር ሥር ወለሉ ላይ ይተኛል፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ክፈተው። ሁለተኛ፣ ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ሳንቃ በብሎን በስቶታል? ብዙዎቹ የፋይበር ጀልባዎች እዚያ ጋ ውስጡ እንጨት ነው። በቀዳዳው ውሃ ከገባ ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ሞተርህ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ቀዳዳውን በኢፖክሲ ሙጫ ድፈነው።

የሐይቁ_ልጅ፦ ኧረ አሽጎታል! በር እንኳ አሠርቼለት ነበር፣ ታንኩ እንዳይታይ ብዬ።

የዓሣ_ጀልባ፦ በሩን አውልቅና ወርውር። ነገም ስትነዳ ቀዩን የማጥፊያ ገመድ (ብትወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን) እጅህ ላይ እሰር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሳይነሳ ሰዎቹን መልስ።

ጡረተኛው_መካኒክ፦ እኔም ይህንኑ ነበር ልል የነበረው።

የሐይቁ_ልጅ፦ መደገፊያው ወጣ። ሞተሩ ተነሳ!! መጋዝ ፍለጋ ጎረቤት ሄጃለሁ፣ እመለሳለሁ።

መጋዝ_ያዥ፦ 😎

አምባዛ፦ (በማግስቱ) እንዴት ሆነ? ሰዎቹ መጡ?

ቀጥተኛዋ፦ ስንት ሰው ኋላ አስቀመጥክ? እውነቱን።

ቆሮሶ፦ (ከሦስት ቀን በኋላ) አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ ነበርኩ። ሦስት ልጆች አንድ ረጅም ቀይ መደገፊያ መሬት ላይ አንጥፈው፣ ተቀምጠውበት ዓሣ ይበላሉ። ያንተ ነው እንዴ?