ተከታታይ ጌሞችን የሚያበላሻቸው ዕድሜ ነው ወይስ ጥድፊያ?

አንበሳው፦
"የድሮው ይሻል ነበር" የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። ተከታታይ ጌም አያረጅም። የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው። ጌሙ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ሠሪው ሳይሆን የሽያጭ ክፍሉ ሲሆን ይወድቃል። በቂ ጊዜ ሲያገኝ ይነሳል። የማይስማማ ካለ ይምጣና እንከራከር።

አሳሲንስ ክሪድን እንይ። የመጀመሪያው በ2007 ወጣ። ከሁለተኛው ማለትም ከ2009 ጀምሮ እስከ 2015 ድረስ አንድም ዓመት ሳይዘሉ በየዓመቱ ዋና ጌም አወጡ። የ2014ቱን ዩኒቲ የተጫወተ አይረሳውም። አብዮት ላይ ባለችው ፓሪስ መሃል ከገጸ ባሕርያቱ ጋር እያወራህ ድንገት ፊታቸው ይጠፋል። አየር ላይ የሚቀረው ዓይንና ጥርስ ብቻ ነው። ሠሪው ዩቢሶፍት ይቅርታ ጠየቀ፣ ተጨማሪውን ክፍልም በነጻ ሰጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። በ2016 ዋና ጌም ሳያወጡ ቀሩ። በ2017 ኦሪጅንስ ሲመጣ ተከታታዩ ነፍስ ዘራ።

ዜልዳም እንዲሁ ነው። ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ በ2015 ይወጣል ተብሎ ነበር። ሠሪው ኒንቴንዶ ቀኑን ገፋው። ደግሞም ገፋው። በ2017 ሲወጣ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። በ1986 የተጀመረ ተከታታይ እኮ ነው! ዕድሜ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ዜልዳ ድሮ በሞተ ነበር።

ጎል አዳኝ፦
ወንድሜ፣ ይህ ሐሳብህ እኛ የኳስ ጌም ተጫዋቾች ጋ ሲደርስ አይሠራም። እኛ ጋ ጥያቄው ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው የሚል ነው።

ፊፋ የሚባለው የኢኤ ኩባንያ የኳስ ጌም ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ወጥቷል። በ2023 ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆነ እንጂ ልማዱ ያው ነው። ካርድ እየሰበሰብክ ቡድን የምትገነባበት አልቲሜት ቲም የመጣው በ2009 ነው። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚወጣልህ ሳታውቅ የምትገዛው የካርድ ፓኬት ሽያጭ ዋናው ነገር ሆነ። በየዓመቱ አዲስ ካርድ፣ አዲስ ብልጭልጭ፣ አዲስ ውድድር እዚያ ላይ ይጨመራል። ክለብ የሚመራበትን ካሪየር ሞድ የሚጫወተው ሰው ደግሞ ያንኑ ሜኑ፣ ያንኑ የዝውውር ድርድር፣ ያንኑ የጋዜጠኛ ጥያቄ መልሶ ይገዛል። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለውን የዕድል ሳጥን ቁማር ነው አለች። ኢኤም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ እዚያ አገር ፓኬት የሚገዛበትን የፊፋ ፖይንት መሸጥ አቆመ።

ጊዜ ይስጡት አልክ? ኮናሚ ሰጥቶታል። በ2020 የፊፋ ተፎካካሪ የሆነውን ፔስን እንደ አዲስ አልሠራም። የነበረውን አሰላለፍ ብቻ አድሶ አወጣና ጉልበቱን ወደ አዲሱ ጌም አዞረ። በመስከረም 2021 ኢፉትቦል ወጣ። ዘጠኝ ክለብ ብቻ ነበረው። የተጫዋቾቹ ፊት የሚያስደነግጥ ነበር። የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ላይ የተሰጠው አስተያየት እጅግ የከፋ ሆነ፣ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቀ። ዕረፍቱ ምን አተረፈ?

አንበሳው፦
ያወጡት እኮ ያላለቀ ጌም ነው። ሙሉ ነው ያሉትን እትም የለቀቁት በሚያዝያ 2022 ነው። እስከዚያ ቢጠብቁ ማን ይከለክላቸው ነበር?

ጎል አዳኝ፦
ተው እንጂ! ሲወድቅ "ጊዜ አልበቃውም" ትላለህ፣ ሲሳካ "ጊዜ አገኘ" ትላለህ። በዚህ ዓይነትማ ማንም አይረታህም። መለኪያህን ንገረን።

ደግሞ የተኩስ ጌሙ ኮል ኦፍ ዱቲ አለ። ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ ነው የሚወጣው። የ2007ቱ ሞደርን ዋርፌርና የ2010ሩ ብላክ ኦፕስ በዚያው የየዓመት ሩጫ ውስጥ ነው የተሠሩት። እነሱም የተበላሹ ናቸው ልትለኝ ነው?

ጨለማ ክፍል፦
ሁለታችሁም ስለ ሰዓትና ስለ ብር ታወራላችሁ። እኔ የአስፈሪ ጌም ሰው ነኝ፤ ከሪዚደንት ኢቭል የተማርኩት ሌላ ነው። ተከታታይ የሚበላሸው ምን እንደሆነ ሲረሳ ነው።

የ2012ቱ ስድስተኛው ሁሉን ለማስደሰት የተሠራ ነው። አስፈሪ ለሚፈልግ አስፈሪ፣ ተኩስ ለሚፈልግ ተኩስ፣ ፍንዳታ ለሚፈልግ ፍንዳታ። ብዙ ታሪክ፣ ብዙ ጀግና። ብዙ ሚሊዮን ኮፒም ተሸጧል። ግን መቼ ፈራሁ? አልፈራሁም። ጥይት በሽ በሽ፣ ጭራቅ በሽ በሽ። ይህን ስድስት ወር ጨምረህበት የሚድን አይደለም። ሐሳቡ ራሱ ነው የተሳሳተው።

ከዚያ በ2017 ሰባተኛው መጣ። አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ፣ ጥቂት ጥይት። ካሜራው ከጀርባህ ወጥቶ ዓይንህ ውስጥ ገባ። በሩን ስትከፍት ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው፤ ከኋላው ማን እንዳለ አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ የሚያሳድድህ ሰውዬ እርምጃ ይሰማሃል፣ ከየት እንደሚመጣ ግን አይገባህም። ሽጉጥህ ውስጥ ሦስት ጥይት ቀርቶ ልትተኩስ ነው ወይስ ልትሮጥ? እንደ 1996ቱ የመጀመሪያው ጌም ያስጨንቃል፣ መልኩ ግን ፈጽሞ አይመስለውም። ለውጥ ጠላት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የ2005ቱ አራተኛው ሲወጣ "ዞምቢ የሌለበት ሪዚደንት ኢቭል አለ እንዴ?" ብለው የተቆጡ ነበሩ። ዛሬ ብዙ ሰው ቁጥር አንድ የሚለው እሱን ነው።

ሰይፈኛው፦
ጨለማ ክፍል፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። ግን እስቲ ሁለቱን እንለያቸው፤ "ተበላሸ" እና "ተለወጠ" አንድ አይደሉም።

ፋይናል ፋንታሲን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጫወት ኖሬአለሁ። የ2001ዱ አሥረኛው ተራ በተራ የምትዋጋበት ነው። ቁጭ ብለህ ታስባለህ፣ ማን ይምታ፣ ማን ይፈውስ ብለህ ትወስናለህ። የ2023ቱ አሥራ ስድስተኛው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የጣት ፍጥነት ነው። ጌሙ ያምራል፣ ሙዚቃው ልብ ይነካል፣ አንድም ቦታ ተሰብሮ አላየሁትም። ግን እኔ የምፈልገው ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ተበላሸ ልል አልችልም። ጥሎኝ ሄደ ግን እላለሁ። ይህ ቅሬታ ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ "ናፍቆት ነው" ተብሎ መጣል የለበትም።

ታናሹ፦
ግን ናፍቆትም አለበት እኮ። እኔ ወደ ዜልዳ የገባሁት በ2017ቱ ነው። የ1998ቱን ኦካሪና ኦፍ ታይም ሁሉም ሲያመልከው ሞከርኩት። ካሜራው አስቸገረኝ፣ ግማሽ ላይ ተውኩት። ለእኔ የመጀመሪያዬ የሆነው ነው ምርጡ። ለእናንተም እንደዚያው ይመስለኛል።

ጎል አዳኝ፦
ፊት የሌለው ሰው ማየት ግን ከናፍቆት ጋር አይገናኝም፣ ታናሹ።

ኮድ ጸሐፊ፦
ሶፍትዌር ሠርቼ ነው የምኖረው፤ ጌም ባይሆንም የሥራው ጠባይ ይመሳሰላል። ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የጌም ስምም ሠሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ይኖራል። "ተከታታዩ ተበላሸ" ስትሉ መጀመሪያ ማን እንደሠራው እዩ። አስፈሪውን ጌም ሳይለንት ሂልን ከ1999 እስከ 2004 አራቱን ዋና ጌሞች የሠራው የኮናሚ የውስጥ ቡድን ነበር። ከዚያ በኋላ ለውጭ ስቱዲዮዎች ተሰጠ፣ ያ ጭጋግም ያ ፍርሃትም አብሮት ሳሳ። የተኩስ ጌሙን ሄሎን የጀመረው ባንጂ የሚባል ስቱዲዮ ነው፤ ባንጂ ሲሄድ ሌላ ስቱዲዮ ተረከበው።

አንበሳው፣ ኦሪጅንስን ለማስረጃ ስታመጣ አንድ ነገር ዘለልክ። የሠራው የ2013ቱን ብላክ ፍላግ የሠራው ቡድን ነው። የጀመሩትም ያንን እንደጨረሱ ነው። በ2016 ማረፋቸው ብቻውን አይደለም ያዳነው። የሚችል እጅ ላይ ነበር።

ቱም ሬይደር ግን ያንተን ሐሳብ ይደግፋል። ኮር ዲዛይን ከ1996 እስከ 2000 በየዓመቱ አንድ አወጣ። ሰዎቹ ከመሰልቸታቸው የተነሳ በ1999ኙ ጌም መጨረሻ ላይ የጌሙን ጀግና ላራ ክሮፍትን ቀበሯት። ቢሆንም በዓመቱ ሌላ ጌም ወጣ። የ2003ቱ ኤንጅል ኦፍ ዳርክነስ እንከኑ በዝቶ ሲወጣ ተከታታዩ ከእጃቸው ተወስዶ ለክሪስታል ዳይናሚክስ ተሰጠ። ስለዚህ ጥድፊያ ይገድላል፣ ልክ ነህ። የሚገድለው ግን ጌሙን ብቻ ሳይሆን ሠሪውን ነው። የደከመን ሰው ዕረፍት ሳትሰጠው ጊዜ ብቻ ብትጨምርለት ትርፉ ተጨማሪ ድካም ነው።

አንበሳው፦
ሁሉንም አነበብኩ። ጎል አዳኝ መለኪያ ጠይቆኛል፣ ይኸው።

ጌሙ ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት ምን አስተካከሉ? ያስተካከሉት ነገር ቀድሞ ሊሠራ ይችል ከነበረ ጥፋቱ የጥድፊያ ነው። የዩኒቲ ፊት በአፕዴት ተመልሷል። ለፊት የሚሆን ጊዜ ነበር፣ አልሰጡትም ማለት ነው። በአፕዴት የማይድን ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ሪዚደንት ኢቭል 6 ከዚህኛው ወገን ነው፤ ጨለማ ክፍል ያለችውን አልከራከርም።

ኮል ኦፍ ዱቲን በተመለከተ፣ በየዓመቱ የሚደርሰው ለገዢው ነው እንጂ ሠሪው ዘንድ አይደለም። ያን ጊዜ ሁለት ስቱዲዮ ይፈራረቁ ነበር። ኢንፊኒቲ ዋርድ 2005፣ 2007፣ 2009። ትሬያርክ 2006፣ 2008፣ 2010። እያንዳንዱ ዋና ጌም የሚያወጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነው ማለት ነው።

በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱትን ፋይናል ፋንታሲ 14ን ደግሞ ሰይፈኛው ስላላነሳው እኔ ላንሳው። በ2010 ሲወጣ መጫወት የማይቻል ነበር። አፕዴት አላዳነውም። ምን አደረጉ? ሌላ ኃላፊ ሾሙ፣ ናኦኪ ዮሺዳን። አሮጌውን እያንቀሳቀሱ አዲሱን ከሥር መሠረቱ ገነቡ። በ2012 መጨረሻ ላይ አሮጌውን ዓለም በታሪኩ ውስጥ ጨረቃ ወድቃበት እንዲጠፋ አድርገው ሰርቨሩን ዘጉ። በ2013 እንደ አዲስ ተከፈተ፣ አሁንም ሰው ይጫወተዋል። እጅ ያስፈልጋል፣ ልክ ነው፤ ያ እጅ ግን ጊዜ ባይሰጠው ምንም አያደርግም ነበር።

ጨለማ ክፍል፦
ጊዜ የሚሰጠው ማን ነው ታዲያ? ፖኬሞንን እዩ። በ2022 ጥር ላይ አንድ ትልቅ ጌም፣ ኅዳር ላይ ስካርሌትና ቫዮሌት። ገና ሲወጣ ምስሉ ይንቀራፈፋል፣ ገጸ ባሕርይው መሬት ውስጥ ይሰምጣል። በሦስት ቀን ግን አሥር ሚሊዮን ተሸጠ። እንዲህ ከሆነ የሽያጭ ክፍሉ ለምን ይጠብቃል?

ጎል አዳኝ፦
እዚህ ላይ ገዢውም ይጠየቃል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሳይወጣ ከፍለን፣ ከወጣ በኋላ ብናለቅስ ማን ይሰማናል? እኔ ቀድሞ መግዛት ትቻለሁ። የኳስ ጌምም በየሦስት ዓመቱ አንድ ቢወጣና መሃል ላይ አሰላለፉን ብቻ በትንሽ ክፍያ ቢያድሱልን ይበቃናል።

ጨለማ ክፍል፦
ለልጁ ፖኬሞን የሚገዛ ወላጅ ሞኝ አይደለም። ስሙን አምኖ ነው የገዛው። ጥፋቱ ያንን እምነት የበላው ጋ ነው።

ጎል አዳኝ፦
እሺ፣ ወላጁን እንተወው። ግን ወደ ገንዘቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም ማንም አልመለሰልኝም። የሮክስታር የወንጀል ጌም ጂቲኤ 4 በ2008 ወጣ። በ2009 ሁለት ትልልቅ የታሪክ ተጨማሪዎች መጡለት፤ ሁለቱም ራሱን የቻለ ታሪክ ነበራቸው። አምስተኛው በ2013 ወጣ። ሮክስታር የታሪክ ተጨማሪ ይመጣል ብሎ ነበር። አልመጣም። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ክፍሉ፣ ኦንላይኑ፣ ግን ለዓመታት አዲስ መኪና፣ አዲስ ቤት፣ አዲስ ዘረፋ ሲጨመርለት ኖረ። አንበሳው፣ እዚህ ላይ ጊዜ አጠረ ትላለህ?

አንበሳው፦
አልልም። እዚህ ላይ የወሰነው ገንዘብ ነው። ግን አምስተኛው ራሱ በወጣበት ቀን ያለቀ ጌም ነበር። ሦስቱም ሰዎች፣ ከተማው፣ ታሪኩ፣ ምንም አልጎደለውም። ያጣነው ሊመጣ ይችል የነበረውን ነው። በዚህ ጌሙ ተበላሸ ብዬ አልፈርድም። አንተ ትፈርዳለህ፣ አውቃለሁ፤ ካሪየር ሞድህን በየዓመቱ ሲነጥቁህ ስለኖርክ እረዳሃለሁ።