በሪአክት ልቀጥል ወይስ ወደ ሰርቨር ልመለስ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የንብረት መመዝገቢያ ሲስተም እየሠራሁ ነው። ዝርዝር፣ መፈለጊያና ፎርም አለው። ዕቃውን በማውዝ እየጎተቱ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡበት ካርታም አለው። ሁሉንም በሪአክት (ገጹን ብራውዘሩ ላይ በሚገነባ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ነው የሠራሁት። በላፕቶፔ ይበርራል። አቅሙ ደከም ባለ ስልክ ስከፍተው ግን 7 ሰከንድ ያህል ነጭ ገጽ ብቻ ነው የሚታየው። ሁሉንም ትቼ ገጹ ሰርቨር ላይ ተዘጋጅቶ እንዲመጣ ላድርገው? እባካችሁ ማፍረስ ሳልጀምር ምከሩኝ።

አባል 1፦ ነጩ ገጽ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። የገጹን ምንጭ ኮድ ክፈትና እየው። አንድ ባዶ ዲቭ (የይዘት መያዣ) እና የጃቫስክሪፕት ፋይል ነው የምታገኘው፣ አይደል? ስልኩ መጀመሪያ ፋይሉን ያወርዳል። ከዚያ አንብቦ ያስኬደዋል። ከዚያ ደግሞ ዳታ ለማምጣት ተመልሶ ሰርቨሩን ይጠይቃል። እስከዚያ ሰውየው ምንም አያይም። ሰርቨሩ ያለቀለት ኤችቲኤምኤል (የገጹን ጽሑፍና መዋቅር የያዘ ኮድ) ቢልክለት ግን ጽሑፉ እንደደረሰ ይታያል። ለዝርዝርና ለፎርም እኔ ሰርቨርን ነው የምመርጠው።

አባል 2፦ እስማማለሁ፤ ካርታውን ግን እንዳትነካው! ዕቃው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሰርቨር መጠበቅ ሰው ያማርራል። ሪአክት እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ይጫን። መፈለጊያውን በኤችቲኤምኤክስ (ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነው) ሞክረው። ሰርቨሩ የዝርዝሩን ቁራጭ ብቻ ይመልሳል፤ ሙሉው ገጽ ሳይታደስ ይተካል።

አባል 3፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለካው። የብራውዘሩ ዴቨሎፐር ቱልስ (የገንቢዎች መሣሪያ) ውስጥ ኔትወርክ የሚለው ጋ ግባና የኢንተርኔቱን ፍጥነት ቀንሰህ ገጹን ክፈተው። ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ከታየ ጥሩ ነው። ኔክስት ጄኤስ (የሪአክትን ገጽ ሰርቨር ላይ ቀድሞ የሚያዘጋጅ ማዕቀፍ) ተጠቀም የሚሉህም አይጠፉም። ገጹ ቶሎ ይታያል፣ እውነት ነው። ግን ሃይድሬሽኑ (ጃቫስክሪፕቱ መጥቶ በተኖቹን ሥራ የሚያስጀምርበት ሂደት) እስኪያልቅ በተኑን ብትጫነው መልስ ላይሰጥ ይችላል። ደግሞ አደራ፣ ፎርሙን ብራውዘር ላይ ብታጣራውም ሰርቨሩ ላይ ድገመው። ብራውዘር ላይ ያለውን ማጣሪያ ማንም ማለፍ ይችላል።

ጠያቂ፦ ለካሁት። 4,000ውን ዕቃ በአንድ ጄሰን (የዳታ መላኪያ ፎርማት) ነበር የምልከው! ፍለጋውም ብራውዘሩ ላይ ነበር። አሁን ሰርቨሩ 50 በ50 እንዲልክ አደረግኩት። ከ7 ሰከንድ ወደ 4 ወረደ።

አባል 1፦ ጎሽ! የቀረው የጃቫስክሪፕቱ ክብደት ይመስለኛል። የካርታውን ኮድ ለብቻው ክፈለው። ዝርዝር ሊያይ የመጣ ሰው እሱን ለምን ያወርዳል? ከዚያ ዝርዝሩን ብቻ ወደ ሰርቨር አዛውረውና እንደገና ለካ።

ጠያቂ፦ ዛሬ ማታ ከዝርዝሩ እጀምራለሁ። በዚያው ስልክ ለክቼ ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። በጣም አመሰግናለሁ።