እባቧ ቆዳዋን በደንብ መጣል አቅቷታል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወንድም እህቶቼ፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው። የማሳድጋት ቦል ፓይተን የምትባል እባብ ቆዳዋን እንደ ካልሲ ገልብጣ ባንዴ ማውለቅ ሲገባት፣ በጋው ከገባ ወዲህ እየተቆራረጠ ነው የሚወርደው። ጅራቷ ጫፍ ላይ አሮጌው ቆዳ ጠብቆ ቀርቷል፤ የደም ዝውውሯን እንዳያግድ እፈራለሁ። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ግራ ዓይኗ ነው፦ ዓይኗን የሚሸፍነው የድሮው ስስ ቆዳ ሳይወርድ ቀርቶ ደፍርሷል፣ ጠርዙም ሸብሸብ ብሏል። በወረንጦ መላጥ ዓይኑን ሊያጠፋው ስለሚችል አልነካሁትም።

ለዚህ ዝርያ በመኖሪያ ሳጥኗ ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ ቆዳ ሲቀየር ደግሞ ወደ 70 ቢጠጋ ጥሩ ነው። የእኔ መለኪያ ከሰዓት በኋላ ከ30 አያልፍም። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ማሞቂያ አምፖሉን ላጥፋ አልል፣ እሱ ደግሞ ያለችውን እርጥበት ይጨርሳታል። ውሃ ስረጭ ከፍ ይልና ወዲያው ይወርዳል። ወለሉ ሁሌ ከረጠበ ደግሞ የሆዷ ቅርፊት ይቆስላል።

የወንፊት ክዳኑን በከፊል በፕላስቲክ ብሸፍነው አየር ያጥራት ይሆን? እርጥብ መደበቂያ ሳጥን ልሠራላት አስቤያለሁ፤ ውስጡን ምን ልሙላው? ለዓይኗስ ቀጣዩን ቅየራ ልጠብቅ? እዚህ አካባቢ እባብ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም የምታውቁ ካላችሁ በእናታችሁ ጠቁሙኝ።