ጅማ ተቀምጠን የሰቃውን ቡና እናሠራ ወይስ ጠቅልለን ገጠር እንግባ?

የጊንጆ ተከራይ፦ ጤና ይስጥልን። ባልና ሚስት ነን፤ ሁለታችንም ጅማ ከተማ ደመወዝተኞች፣ ቤቱ ኪራይ። ሰቃ ጨቆርሳ፣ ከአስፋልቱ በእግር አንድ ሰዓት ገባ ብሎ፣ ግማሽ ሄክታር ቡናና ባለሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በውርስ ደርሶናል። ልጃችን 3ኛ ክፍል ናት፣ በአማርኛ ነው የምትማረው። ኪራይ አስመርሮናል። እንግባ ወይስ ከዚሁ ሆነን እናሠራ?

ጀንፈል፦ መጀመሪያ ሂሳቡ። በተለመደ አያያዝ ከሄክታር 6 ወይም 7 ኩንታል ንጹህ (ደርቆ የተፈለፈለ) ቡና ነው የሚገኘው፤ ለእናንተ 3 ኩንታል ገደማ ያዙ። ለአንድ ኪሎ ንጹህ ቡና 6 ኪሎ ያህል እሸት (ከዛፉ የተለቀመ ቀይ ፍሬ) ስለሚያስፈልግ 18 ኩንታል እሸት መልቀም አለባችሁ። አንድ ሰው በቀን 40 ኪሎ ቢለቅም የ45 ቀን የለቃሚ ሂሳብ ነው። ይህን ቀንሱና የተረፈውን ከሁለታችሁ ደመወዝ ጋር አስተያዩት። ደግሞ ቡና አንድ ዓመት ብዙ ፍሬ ከተሸከመ በሚቀጥለው ያርፋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጥሩውን ዓመት ገቢ የየዓመቱ አድርጎ ሲቆጥር ነው። ደመወዝ ለመልቀቅ ግማሽ ሄክታር አይበቃም።

ሰቃ መንገድ፦ በደመወዙ እስማማለሁ። «ከዚሁ ሆነን» የሚለው ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አያዋጣም። ቡና እኩል አይቀላም፣ አራት አምስት ዙር ይለቀማል፤ ባለቤት ከሌለ አረንጓዴውም አብሮ ይሞለጫል። እሸት በማዳበሪያ ጆንያ ታስሮ ካደረ ይግልና ይቦካል፣ እጥበት ጣቢያ የሚሄደው በተለቀመበት ቀን መድረስ አለበት። ራሳችሁ የምታደርቁ ከሆነ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ሥሩ፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ እሸት በላይ አታስጡ። አንዱ ዙር 400 ኪሎ ቢሆን 20 ካሬ ይበቃል ትላላችሁ፤ ለመድረቅ ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ግን ሁለተኛው ዙር የሚመጣው የመጀመሪያው ሳይነሳ ነው። 40 ካሬ ይሁን። አልጋ ያጠረው ሰው ደራርቦ ያሰጣና ቡናው ይሻግትበታል። ማገላበጡና ማታ መሸፈኑም አለ። አንዳችሁ የዓመት ፈቃዳችሁን ለዚያ ወቅት አስቀምጡ፣ እዚያው እያደራችሁ።

የጊንጆ ተከራይ፦ ልጅቷስ? ውሃውስ?

ጠመኔ፦ በገጠሩ ትምህርት ቤት የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ዓመት መሃል አታዛውሯት፤ ዕቅድ ካላችሁ ከአሁኑ ቋንቋውን ትጀምር።

ሮቶ፦ ስለ ውሃው፦ በ40 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ 400 ሊትር ይሰጣል፣ ብክነቱ ሲነሳ 320 አካባቢ። ከደረቅ ሰሞን በኋላ የመጀመሪያውን ዝናብ ድፉት፣ የጣሪያ ቆሻሻ ነው። የ2,000 ሊትር ሮቶ በቀን 60 ሊትር ብትጠቀሙ 33 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ታኅሣሥና ጥርን አያሻግርም፣ በአቅራቢያችሁ ምንጭ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። ለመጠጥ የሚሆነውን አፍሉት። አጎበርም አትርሱ፤ የወባው ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለሆነ ከለቀማው ጋር ይገጥማል።

ጀንፈል፦ መሬቱን ለእኩል፣ ምርቱን ለሚካፈላችሁ አራሽ፣ ከሰጣችሁ ደግሞ ጉንደላው ላይ ተጠንቀቁ። ያረጀ ቡና ከለቀማ በኋላ፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ፣ ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይቆረጣል፤ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጎ ነው። ከሚያቆጠቁጠው ሁለት ሦስት ቀንበጥ ይተዋል። የተጎነደለው የቡና እግር ሁለት ዓመት ያህል አያፈራም፣ ስለዚህ እኩል አራሹ በፈቃዱ አይጎነድልም፤ ለምን ብሎ! በየዓመቱ አንድ አምስተኛው እንዲጎነደል ውሉ ላይ ይጻፍ። በሞተው እግር ምትክ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን 74110 ወይም 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች ትከሉ፣ የፍሬ በሽታን ይቋቋማሉ።

ሰቃ መንገድ፦ ከሁሉ በፊት የይዞታ ደብተሩ በስማችሁ ይዙር። መሬቱ አይሸጥም፤ ብታከራዩም ውሉ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። በቃል የተሰጠ መሬት ሲመለስ ጭቅጭቅ አያጣም።

የጊንጆ ተከራይ፦ እግዜር ይስጥልን። ደብተሩ ገና በአባቴ ስም ነው፤ ሰኞ ወረዳ እሄዳለሁ። ለአልጋው የባሕር ዛፍ ቋሚ በየስንት ሜትር ይተከላል?

ሰቃ መንገድ፦ በየ2 ሜትሩ። አግዳሚው ካልጠነከረ ሽቦው ይረግባል፤ ቡናው መሃል ይከማቻል፣ ያው መሻገት ነው።