የናሙና ላሜራዎቹን የት፣ እንዴት እንስቀል? (የጋራ ዕቅድ ረቂቅ ላይ)

ከከዚራ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተቀቡ ላሜራዎችን ፀሐይ ላይ ሰቅለን የትኛው ቀለም እንደሚበረታ ለምናይበት ሙከራ፣ ረቂቁ ላይ «ወደ ደቡብ ዞሮ 45 ዲግሪ ያዘነበለ» የሚለው ይነሣ። ይህ አሜሪካ ፍሎሪዳ ያሉ የቀለም ፈታሾች ልማድ ነው፤ እነሱ ጋ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነች። ድሬዳዋ ግን 9.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነች። ፀሐይ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አናታችን ላይ ትደርሳለች፣ ከዚያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ በሰሜን ትከርማለች። በሰኔ ቀትር እንደዚያ የቆመ ላሜራ ጨረሩ በሰያፍ ስለሚያርፍበት፣ ፊት ለፊት ቢመታው ከሚያገኘው ግማሽ ያህሉን ብቻ ያገኛል። ዝናቡ እንዲወርድለት 5 ዲግሪ ማዘንበሉ ይበቃል።

ሌላው፣ የእያንዳንዱ ላሜራ ግማሽ በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፈን። ይህን ያስተማረኝ የቤቴ በር ነው። ሰማያዊው ቀለም ነጥቷል፣ መዳፌን ሳሳርፍበት ዱቄቱ ይዞኝ ይመጣል። የቤት ቁጥሩን ታርጋ ስፈታው ግን ከሥሩ ያለው ቀለም ዛሬ የተቀባ ይመስላል። ሁለቱም አንድ በር፣ አንድ ቀን የተቀቡ ናቸው።

ከሐረር፦
ጋሼ፣ ፎይሉን እደግፋለሁ፤ ግን ሙቀቱንስ ከጨረሩ በምን እንለያለን? እናንተ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ እኛ ከ1,850 በላይ። እዚህ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ አልትራቫዮሌቱ ግን ይበረታል። ተመሳሳይ ናሙና በሁለቱም ከተማ ይሰቀል። ጁገል ውስጥ ጥላ የማያርፍበት ጣሪያ አለን፣ እኔው እከታተለዋለሁ። ከቀለሞቹ ደግሞ ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚቀባ ቀለም) ለብቻው፣ ኢፖክሲ ከላዩ ፖሊዩሪቴን (ፀሐይ የሚችል የላይ ቀለም) ተደርቦበት፣ እና የተለመደው የዘይት ቀለም ይኑሩ። ኢፖክሲ ዝገት በመከላከል ጎበዝ ነው፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ዱቄት ያወጣል።

ከሳቢያን (ድሬዳዋ)፦
መለኪያውን በተመለከተ፦ በየ3 ወሩ፣ መጀመሪያ ፕላስተር ለጥፎ በማንሣት የዱቄቱን መጠን ማየት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥቦ አንጸባራቂነቱን ብርሃን በ60 ዲግሪ በሚያሳርፍ መለኪያ መለካት። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ ካጠብነው ዱቄቱም አብሮ ይሄዳል። ደግሞ ፀሐይን በሚተካ የቤተ ሙከራ መብራት ስለመፈተን «በመብራት 1,000 ሰዓት ማለት በድሬዳዋ ይህን ያህል ዓመት ነው» የሚለው ከረቂቁ ይውጣ። አንዱን ቀለም ከሌላው ለማወዳደር ካልሆነ መብራቱ ያን አይነግረንም።

ከከዚራ፦
የሐረሯ እህቴ፣ ሁለቱ ከተማ ይሁን፤ ዋናው ሐሳብ እሱ ነው፣ ከላይ አስገባዋለሁ። እስከ እሑድ አስተካክዬ እልካለሁ። ላሜራውን የሚቆርጠው ሰው ጠርዙንና ጀርባውን በአንቲረስት (በዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባልን፤ ዝገት ከዚያ ከጀመረ የለካነው ሁሉ ይበላሻል።