ክርክር፦ የኔቫዳ በረሃ አህያ ይነሳ ወይስ ይተው?

የቬጋሱ ሾፌር

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ሁለት ቱሪስት ይዤ ወደ ሬድ ሮክ ካንየን ስወጣ አህዮች መንገዱን ዘጉብን። አምስት ናቸው። አንዷ ዘና ብላ መጥታ አፏን በመስኮት አስገባች። ሴትየዋ ቺፕስ ልታጎርሳት ስትል "መመገብ ክልክል ነው፣ መኪና ላይ መለመን ይለምዱና ይገጫሉ" አልኳት። ስንመለስ ባልየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እነዚህ በረሃውን ጨረሱት፣ መንግሥት ጠራርጎ ቢያነሳቸው ይሻላል።" እናቴ በአህያ ውሃ እያመላለሰች ነው ያሳደገችኝ። ነገሩ ከነከነኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ። አህዮቹን በአብዛኛው ያመጧቸው የድሮ ማዕድን ፈላጊዎች ናቸው። ማዕድኑ ሲያልቅ በረሃ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ሕግ የዱር ፈረስና የዱር አህያ እንዳይገደሉ ይከለክላል። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ፣ ቢኤልኤም የሚሉት፣ በመላ አገሪቱ የሚያስተዳድረው መሬት የሚችለው ፈረስና አህያ ተደምሮ 25,500 ገደማ ነው ይላል። በ2024 ግን ከ73 ሺህ በላይ ነበሩ። ስለዚህ በሄሊኮፕተር እየነዱ በረት ያስገቧቸዋል። ልክ ናቸው ትላላችሁ?

የገበሬ ልጅ

ልክ ናቸው። ስሜቱን ወደ ጎን እናድርገው። መንጋው በዓመት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጨምራል። በአራት አምስት ዓመት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ኔቫዳ ደግሞ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ዝናብ የሚያንሳት ናት። ምንጭ ስትሉ ቦይ ሞልቶ የሚወርድ ውሃ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ ከሳሎን ምንጣፍ አይበልጥም። እሱ ላይ ነው ሁሉም የሚሻማው።

ተጎጂው ማነው? ቢግሆርን የሚሉት ጥምዝ ቀንዳሙ የበረሃ በግ ነው። የኔቫዳ መለያ እንስሳ እኮ ነው። ፈረስ ውሃው ላይ ከቆመ ብዙ ጊዜ ደፍሮ አይጠጋም፤ ገደል ላይ ሆኖ ይጠብቃል። በበጋ ያ ጥበቃ ሞት ሊሆን ይችላል። ሰሜን ተራራ ላይ ከብት ዋልያን ገፋው እያልን ስንጮህ የኖርን ሰዎች እዚህ ስንደርስ ለገፊው የምንቆምበት ምክንያት አልገባኝም።

የዴንቨሯ

አይ ወንድሜ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ከብቱንስ ለምን ዘለልከው? ቢኤልኤም 155 ሚሊዮን ኤከር ላይ ለከብትና ለበግ ግጦሽ ፈቃድ ይሰጣል። ለፈረስና ለአህያ የተመደበው ከ27 ሚሊዮን ኤከር በታች ነው፤ እሱንም አብዛኛውን ከከብት ጋር ተጋርተው። ሣሩ ሲያልቅ ግን ጥፋተኛዋ ሁልጊዜ አህያዋ። ጠበቃ ስለሌላት ነው።

የገበሬ ልጅ

እህቴ፣ ከብቱ ንጹሕ ነው አላልኩም። ልዩነቱ ግን አለ። ባለከብቱ ፈቃዱ በወቅትና በቁጥር ነው፤ ድርቅ ሲጠና ቀንስ፣ አንሳ ይባላል። ፈረሱን ማን ይበለው? ክረምት ከበጋ እዚያው ነው። ከብት ይቀነስ ካልሽ ፊርማዬን ውሰጂ። አህያው ግን ከቁጥር አይጉደል የሚለውን አልቀበልም።

ሣርና ቅጠል

እኔ ሥነ ምህዳር የተማርኩ ነኝ፣ ሥራዬ ግን ሌላ ነው፤ እንጀራ አላበላኝም 😀። አንድ ነገር ልጨምር። በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። በአሪዞና በረሃ ውስጥ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ አህያና ፈረስ በኮቴያቸው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አንዳንዱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይጠልቃል። ከሥሩ ውሃ ይወጣል። አጥኚዎቹ ካሜራ አስቀምጠው ሲያዩ አጋዘኑም፣ የጫካ ድመቱም፣ ወፉም፣ ቢግሆርኑ ራሱ እየመጣ ከዚያ ይጠጣል። ተረስቶ የቀረ ጉድጓድ ላይ ደግሞ የወንዝ ዳር ዛፍ ችግኝ በቅሎ ተገኝቷል። ስለዚህ "አህያ ውሃ ይቀማል" ብቻ ብሎ መዝጋት አይቻልም።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ይሄን ለማመን መጽሔት አያስፈልገኝም። ቆላ ነው ያደግኩት። ወንዙ በበጋ ሲደርቅ አሸዋውን በእጃችን ጭረን ቅል ሙሉ ውሃ እስኪያጣራ ቁጭ እንላለን። አህዮቻችን ጨርሰን እስክንነሳ አይጠብቁም፤ ፈንጠር ብለው የራሳቸውን ይጭራሉ። ጠዋት ስንመለስ ከእነሱ ጉድጓድ ዳር የጅግራ ኮቴ ሞልቶ ነበር። ፈረንጆቹ አሁን ደረሱበት።

የገበሬ ልጅ

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ አሸዋው ላይ። ረግረግ ምንጭ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ አህያ አይቆፍርም፣ ይረግጣል። ቄጤማው ይበላል፣ ዳሩ ይፈርሳል፣ ውሃው ጭቃ ይሆናል። ዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ አንድም አህያ አይቅር ብሎ የወሰነው ዝም ብሎ አይደለም።

ሣርና ቅጠል

ዴዝ ቫሊን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ሌላ ጥናት እዚያው ተሠርቷል። ፑማ፣ ያ ትልቁ የአሜሪካ የዱር ድመት፣ አህያ የሚያድንበት ረግረግና የማያድንበት ረግረግ ተወዳደሩ። ፑማ ያለበት ጋ አህያው ጠጥቶ ይሄዳል፤ ቆሞ አይውልም። ሣሩም አልተረገጠም። ፑማ የሌለበት፣ በተለይ ሰው የሚሰፍርበት ቦታ ነው የተጎዳው።

እኛ አገር "አህያም የለኝ ከጅብም አልጣላ" ይባላል። ኔቫዳ ውስጥ የሆነው ግን ግራ ያጋባል። ቢግሆርን ይትረፍ ተብሎ ፑማ ይገደላል። ከዚያ አህያውን የሚነካው ጠፋና በዛ። ከዚያ አህያው የቢግሆርኑን ውሃ ጠጣ ተብሎ ሄሊኮፕተር ይነሳል። ለእኔ ጥያቄው አህያው ይነሳ አይነሳ አይደለም። ጅቡን ማን አባረረው ነው። ፑማውን ሳትመልስ አህያውን ብታነሳ ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ሄሊኮፕተር ነው።

የገበሬ ልጅ

ፑማ ይመለስ፣ እስማማለሁ። ጥናቱ ግን ታደነ ያለው በአብዛኛው ውርንጭላ ይመስለኛል፤ ሜዳ ላይ የሚጋልብ የፈረስ መንጋን ያ ሁሉ ፑማ ተሰብስቦም አይገታውም።

ሣርና ቅጠል

ሜዳው ላይ ልክ ነህ። ፑማ አድብቶ ነው የሚይዘው፤ ድንጋይና ቁጥቋጦ ይፈልጋል። ለፈረሱ ሌላ መላ ያስፈልጋል።

የቬጋሱ ሾፌር

መላ ካላችሁ፣ የሚነሱት የት እንደሚገቡ ሳነብ ነበር። ከ60 ሺህ በላይ ፈረስና አህያ በረትና በኪራይ ግጦሽ ላይ መንግሥት እየቀለበ ነው። ወጪው በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። በ2019 ደግሞ "አንድ ለሚያሳድግ 1,000 ዶላር እንሰጣለን" ተባለ። ብሩን ተቀብለው ፈረሱን ለእርድ ጨረታ ያወጡ ሰዎች እንዳሉ በኋላ ተጋለጠ። ኧረ ሕዝብ!

የዴንቨሯ

ለዚህ ነው እኔ መርፌውን የምደግፈው። ፒዜድፒ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በጠመንጃ ከሩቅ ተተኩሶ ባዝራዋ ላይ ይወጋል፣ ለጊዜው አታረግዝም። ማንም አይሞትም፣ ማንም አይታሰርም። ችግሩ በየዓመቱ መደገም አለበት። በዚያ ስፋት በረሃ ውስጥ ያንኑ ፈረስ አግኝቶ መድገም ቀላል አይደለም፤ ግን ለበረት ከሚፈሰው ብር እዚህ ላይ ስንቱ ዋለ?

ደግሞ ሰው ከፈለገ ይችላል። ግራንድ ካንየን ላይ ፓርኩ አህዮቹን በጥይት ሊጨርስ ሲነሳ፣ በ1980 አካባቢ አንድ የእንስሳት ማኅበር 577 አህያ አወጣ። በሄሊኮፕተር። በገመድ እያንጠለጠለ፣ ከዚያ ገደል!

ከሰመራ

እኔ ከርቀት ሳነብ ገረመኝ። በ2022 የወጣ የዘረ መል ጥናት አህያ ለማዳ የሆነው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ምሥራቅ አፍሪካ፣ ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ይላል። ያ የዱሩ ዘመዱ እኛ ጋ፣ አፋር ውስጥ፣ ከኤርትራ በኩል ደግሞ ደንከል ላይ አለ። ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁር ሰረዝ። የቀረው ቢበዛ በመቶዎች ቢቆጠር ነው። አሜሪካ የተረፈው በሺህ ተቆጥሮ በዛ ተባለ፣ እዚህ ያለው የዱሩ ዘመዱ ሊጠፋ ነው። በሉ የተነሱትን ወደ እኛ ላኩልን!

ሣርና ቅጠል

ወንድሜ እሱን እንዳታስበው። የዱሩን አህያ ከሚያሰጉት አንዱ ከለማዳዋ ጋር መዳቀሉ ነው። እዚያ ቢለቀቁ ያችን የቀረችውን ዘር ደባልቀው ያጠፏታል።

የቬጋሱ ሾፌር

እኔ እኮ አንድ ኮንቴይነር ስንት አህያ ይይዛል ብዬ ማስላት ጀምሬ ነበር 😂